ወራጅ አለ

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 14

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ በላይነህ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እንዲህ ተጠፋፍተን መክረማችን ያሳዝነኛል፤ ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ግን መቁጠር አንፈልግም። መስከረም ላይ ወደ ባሕር ዳር ተዛውረህ እንደምትመጣ እኅትህ ነገረችኝና ደስ አለኝ። ቀጥላ ደግሞ አዲሱ ሥራ ስብሰባ መምራት ስላለበት እምቢ ልትል እያሰብክ መሆኑን አጫወተችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በሥራዬ ከሚንተባተቡ ሰዎች ጋር ስለምውል፣ ዛሬ ነገሩን በስሙ ጠርቼ ልጻፍልህ።

ከሥሩ ልጀምር። መንተባተብ ከልጅነት ድንጋጤ፣ ከዓይነ ጥላ ወይም ከአባት ቁጣ የሚመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጅ ቃል ከቃል መገጣጠም ሲጀምር ይነሣል። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ያልፉበታል፤ አብዛኞቹንም እያደር ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች ከ100 ሰው በአንዱ ላይ ያህል ይቀራል፤ ከእነዚህም ወንዶቹ ከሴቶቹ በአራት እጥፍ ያህል ይበዛሉ። በቤተሰብ ይወረሳል፤ አንጎል የንግግር ጡንቻዎችን በየተራቸው በሚያዝበት አሠራር ላይ ያለ ልዩነት ነው። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም። ከብልህነት ጋርም አይገናኝም። ጸበል መጠመቅህን አልነቅፍም፤ «ወኔ ቢኖርህ ይተውህ ነበር» የሚልህን ሰው ግን አትስማው፣ አያውቅም።

አሁን ስምህን ስትጠየቅ የሚሆነውን እንየው። «በላይነህ» ለማለት ከንፈርህ ይገጥማል። ወዲያው መከፈት ሲገባው ይጣበቃል፤ አየሩ ከታች ይገፋል፤ በገፋህ ቁጥር ደግሞ ይብስ ይጠብቃል። ያኔ ዓይን ይጨፈናል፣ አገጭ ይንቀጠቀጣል፣ እግር መሬት ይመታል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ራሱ መንተባተቡ አይደሉም፤ ለማምለጥ የተለመዱ ናቸው። አንድ ቀን እግር መምታቱ ቃሉን ያወጣው ይመስላል፣ ሰውየውም ይለምደዋል፤ ቆይቶ ብልሃቱ መሥራቱን ያቆማል፣ እግሩ ግን መምታቱን አይተውም።

ከዚህ የሚከፋው በውጭ የማይታየው ነው። «ቡና» አልወጣ ሲል ሻይ ማዘዝ። የሚያውቁትን ቃል «እንትን» ብሎ ማለፍ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚለው ታፍኖበት፣ ከድልድዩ በፊት መውረድ ሲገባው ዓባይ ማዶ ደርሶ በእግሩ የሚመለስ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አለ። አጠገቡ የተቀመጡት መንተባተቡን አያውቁም፤ ዝምተኛ ነው ይላሉ፣ ሲብስም ኩራተኛ። በላይነህ፣ ሰውን ከሰው የሚለየው መንተባተቡ ሳይሆን መደበቁ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ስለዚህ የምመክርህ ሁሉ ያለመንተባተብን ግብ ያደረገ አይደለም። ያሰብከውን፣ በመረጥከው ቃል፣ እየተንተባተብክም ቢሆን እንድትጨርስ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ልንገርህ። ራሱም ይንተባተብ የነበረው አሜሪካዊው የንግግር ባለሙያ ቻርልስ ቫን ራይፐር ያስተማረው መንገድ ሦስት ደረጃ አለው፤ የሚለመደውም ከኋላ ወደ ፊት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ቃሉ እንደምንም ታፍኖ ከወጣ በኋላ ወደሚቀጥለው አትሮጥም። 3 ሰከንድ ያህል ትቆማለህ፤ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ የት ላይ እንደጠበቁ ታስተውላለህ፤ ያንኑ ቃል አላልተህ፣ ቀስ አድርገህ ትደግመዋለህ። ይህ ሲለመድ ቃሉ መሀል ላይ እንደታፈንክ፣ ወደኋላ ሳትመለስ፣ ግፊቱን እየቀነስክ ድምፁን እያስረዘምክ ትወጣለህ። በመጨረሻው ደረጃ የሚያፍንህ ቃል መምጣቱ ሲታወቅህ ገና ከአፍህ ሳይወጣ አፍህን አላልተህ ትገባበታለህ። ብዙ ሰው በዚህ በሦስተኛው መጀመር ይፈልጋል፤ ጥሩ ስለሚያናግር። የሚከሽፈውም እዚያው ነው፤ ድንጋጤው ገና ሳይበርድ ማላላት አይቻልምና።

በአማርኛ ድምፆች ላይ ሲሠራ እንዲህ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ዘ፣ መ፣ ነ፣ ለ ይጎተታሉ፤ ትንሽ አስረዝሞ ወደ አናባቢው መንሸራተት ይቻላል። በ፣ ደ፣ ተ፣ ከ አይጎተቱም፤ እነሱን የሚያቀላቸው የንክኪው ልስላሴ ነው። «አበበ» ብለህ ከንፈርህን ልብ በል፤ መሀል ያለችው በ ላይ ከንፈሮችህ በደንብ አይገጥሙም፣ አየር በመካከላቸው ያልፋል። «በላይነህ» ስትል የምትፈልገው ያቺን ላላ ያለች በ ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ደግሞ በባሕርያቸው ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ናቸው፤ መዝጋቱን ማስቀረት አይቻልም፣ ንክኪውን አቅልሎ ወደ አናባቢው ቶሎ ማለፍ ነው። በአናባቢ ለሚጀምር ቃል ጥቂት ትንፋሽ አስቀድመህ ልቀቅና ድምፁን በላዩ አስከትል።

ልምምዱን ቤት ዘግተህ አትሥራው። አብዛኛው የሚንተባተብ ሰው ብቻውን ሲሆን አይንተባተብም፤ ለግድግዳ ጥሩ መናገር የባንክ መስኮት ላይ አያድንም። ሐይቁ ዳር ውረድ። ጀልባ ነጂዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲጠየቁ ስለሚውሉ አንድ ጠያቂ ቢጨመር አይገርማቸውም። በሚጎተቱት ድምፆች በሚነሡ ስሞች ጀምር፤ ወደ ዘጌ፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠይቅ። ሲለመድህ ወደ ደቅና ክብራን ገብርኤል፣ በመጨረሻ ወደ ጣና ቂርቆስ ሂድ። አንዳንዱን ጥያቄ ሆን ብለህ ተንተባተብበት፤ ሳይታፈንብህ «ደ-ደ-ደቅ» በል፣ ዓይኑን እያየህ። እብደት ሊመስልህ ይችላል። ግን ለዓመታት የሸሸኸውን ነገር በፈቃድህ ስታደርገው የማስደንገጥ አቅሙ ይሟሽሻል፤ ከሁሉም ልምምድ የምወደው ይኼን ነው።

ጊዮርጊስ ለማኅሌት ስትቆም ከማኅበሩ ጋር አንድ ቃል አይታፈንብህም። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ዜማና ኅብረት ጊዜውን ከውጭ ስለሚሰጡ አንጎል ያንን ብቻውን ማስላት አይጠበቅበትም። «ስትዘምር ትችል የለ፣ ስታወራ ምን ያዘህ?» የሚልህ ይኖራል። መልሱ ይኸው ነው፤ ስንፍና አይደለም።

ወደ ስብሰባው ልምጣ። በመጀመሪያው ቀን፣ አጀንዳ ሳይከፈት፣ «እንተባተባለሁ፤ ቃሉን ራሴ ስለምጨርሰው ትንሽ ታገሡኝ» በላቸው። ይቅርታ አትጠይቅ፣ ምክንያት አትዘርዝር። ይህን ያለ ሰው መደበቅ ስለማይጠበቅበት ግማሹ ሸክም ይወርድለታል፤ አድማጮቹም የት ማየት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ተራ አትጠብቅ፤ በተጠበቀ ቁጥር ይከብዳል። አንድ ሰው ቃልህን ቀድሞ ቢጨርስልህ፣ ልክ ቢሆንም እንኳ፣ ራስህ ድገመው። «ተረጋጋ»፣ «ቀስ በል»፣ «ትንፋሽ ውሰድ» የሚሉህ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንደማይረዳህ አንድ ጊዜ ብትነግራቸው ይበቃል። ስልክ ይከብዳል፤ የምታየው ፊት ስለሌለና ወዲያ ያለው ሰው መስመሩ የተቋረጠ ስለሚመስለው። እዚያም ገና ሲያነሡት መንተባተብህን ንገራቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቃሉ ሁሉ የሚፈስበት ሳምንት ይመጣል፤ «ተወኝ» ትላለህ፤ ልምምዱም ይቀራል። ከዚያ በአንድ መጥፎ ቀን ሲመለስ ሁሉም የፈረሰ ይመስልሃል። አልፈረሰም፤ ጠባዩ እንዲህ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ስንት ጊዜ እንደታፈንክ አትቁጠር። ልትላቸው ፈልገህ የተውካቸው ነገሮች ስንት እንደሆኑ ጻፍ፤ መቀነስ ያለበት ያ ቁጥር ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኘህ መጀመሪያ የምትጠይቀው መድኃኒት እንዳይሆን፤ ለዚህ ተብሎ የጸደቀ ኪኒን የለም። ይልቅ ከክፍሉ ወጥቶ ገበያና ቢሮ አብሮህ ይለማመድ እንደሆነ ጠይቀው።

ሽምብጥ አካባቢ ቤት እየፈለግሁልህ ነው፤ ሁለት ክፍል ይበቃህ እንደሆነ ጻፍልኝ። የምትመጣበትን ቀንም አስቀድመህ አሳውቀኝ፣ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ። ለእናትህና ለእኅትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ
ሙሉቀን