ለአዘጋጁ፦ አብራሪ በወር 160 ሰዓት አይበርም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጀማሪ አብራሪዎች ደመወዝ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። ያናደደኝ አንድ መስመር ነው። ዘጋቢው የረዳት አብራሪውን የሰዓት ክፍያ በወር 160 ሰዓት አባዛው። የወጣውን ደግሞ በ12 አባዛና «ቤተሰብ በደንብ የሚያኖር ገቢ» አለው። የቀረው ጽሑፍ በሙሉ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። ስሌቱ ስህተት ነው።

160 ሰዓት የቢሮ ሠራተኛ የወር ሰዓት ነው። ለአብራሪ እንዲህ አይቆጠርለትም። በሰዓት በሚከፍሉ አየር መንገዶች ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ሲንቀሳቀስ ነው። መድረሻው ላይ ቆሞ ብሬክ ሲያዝ ያበቃል። ከዚያ በፊት ግን ሥራ አለ። የአየር ጠባይ መረጃ ይታያል፣ የነዳጅ መጠን ይወሰናል፣ አውሮፕላኑ ዙሪያውን ይፈተሻል፣ ተሳፋሪ እስኪገባ ይጠበቃል። በሁለት በረራዎች መካከል ለሰዓታት ተርሚናል ውስጥ መቀመጥም አለ። ረዳት አብራሪ የሆነው ባለቤቴ ዩኒፎርም ለብሶ ከቤት ርቆ የሚያሳልፈው ጊዜ ከ160 ሰዓት በብዙ ይበልጣል። የሚከፈለው ግን ከዚያ ለትንሹ ክፍል ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በወር 160 ሰዓት መብረር በሕግ የተከለከለ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ደንብ አንድ የአየር መንገድ አብራሪ በ28 ተከታታይ ቀናት ውስጥ ከ100 የበረራ ሰዓት በላይ መብረር አይችልም። በአንድ ዓመት ጊዜ ደግሞ ጣሪያው 1,000 ሰዓት ነው። የእናንተ ስሌት 1,920 ሰዓት ያመጣል። ጋዜጣችሁ ባለቤቴን ሀብታም ያደረገው ሕግ አስጥሶ ነው። ይህን ገጽ ከመታተሙ በፊት ያነበበ ሰው አልነበረም?

በቁጥር ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካን ኤርላይንስ ስር ያሉት ኤንቮይና ፒድሞንት የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር አሳደጉ። የአብራሪ እጥረት ስለነበረ ነው ያሳደጉት። ትልቅ ጭማሪ ነበር፤ አልክድም። በእናንተ ስሌት ይህ በዓመት 172,800 ዶላር ይሆናል። በብዙ የአሜሪካ የሥራ ውሎች ለአብራሪ በወር ዋስትና የሚሰጠው፣ ማለትም ያን ያህል ባይበርም የሚከፈለው፣ ግን 75 ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ሲባዛ 81,000 ዶላር ይመጣል። ግብር ገና አልተቀነሰም። የሥልጠና ብድርም አልተቀነሰም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ይህ ደግሞ ክፍያው ጥሩ በሆነበት ዘመንና ቦታ ነው። የእኛ ቤት ያን ክፍያ አይቶት አያውቅም።

ዘገባችሁ «ሙያውን የሚወድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ይችላቸዋል» ይላል። ማን ነው የሚችላቸው? ባለቤቴ ሙያውን ይወዳል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር አልመኘም። ግን የቤት ኪራይ በፍቅር አይከፈልም። እነዚያን ዓመታት የቻልኩት እኔ ነኝ፣ ልጆቻችን ናቸው፣ ቤታቸውን ለብድሩ ዋስትና ያስያዙት አማቶቼ ናቸው። በዘገባችሁ ውስጥ አንዳችንም የለንም። ካፒቴን አናግራችኋል፣ የሥልጠና ትምህርት ቤት ኃላፊ አናግራችኋል፣ የቅጥር አማካሪ አናግራችኋል። ሚስት ወይም ባል አላናገራችሁም። ደመወዙ ለቤተሰብ ይበቃል ብሎ የሚጽፍ ሰው ቤተሰቡን መጠየቅ አልነበረበትም?

ጠይቃችሁን ቢሆን ኖሮ ይህን እንነግራችሁ ነበር። ብድሩ ከደመወዙ በፊት ነው የሚጀምረው። ፈቃዱን ለማግኘት ገንዘብ ይወጣል። ከዚያ ቀጣሪ የሚፈልገውን የበረራ ሰዓት ለመሙላት ዓመታት ያልፋሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በመደበኛው መንገድ ለመጣ ረዳት አብራሪ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ሰዓቱን ለመሙላት ብዙዎቹ ጀማሪ እያስተማሩ በትንሽ ገንዘብ ይኖራሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የተቀጠሩበትን የአውሮፕላን ዓይነት ሥልጠና እንኳ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ባለቤቴን የቀጠረው ኩባንያ ሥልጠናውን ሰጥቶ ለዓመታት የሚያስር ውል አስፈረመው። ከወጣህ ክፈል ነው ነገሩ።

«ደመወዙ ያነሰበት የተሻለ የሚከፍል ጋ ይሂድ» የሚለው ምክራችሁም ቤተሰብ ያለውን ሰው አያውቀውም። በዚህ ሙያ ክፍያም፣ የበረራ ፕሮግራምም፣ የዕረፍት ቀንም የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ኩባንያ በቆየህበት ጊዜ ነው። ኩባንያ ስትቀይር ያካበትከው ልምድ አብሮህ ይሄዳል፤ ደረጃህ ግን አይሄድም። ከመጨረሻው ሰው በታች ትሰለፋለህ። የበዓል ቀን መብረርና ስታንድባይ (ሲጠሩ ለመሄድ ተዘጋጅቶ መጠበቅ) እንደገና ያንተ ይሆናሉ። ነጠላ ሰው ይህን ሊሞክረው ይችላል። ልጅ ያለው ሰው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስባል።

ስታንድባይን ያነሳሁት አውቄ ነው። ቤታችንን ያደከመው እሱ ነው። ባል ቤት አለ፤ ግን የለም። ስልኩ ከጮኸ ይሄዳል። ስለዚህ ልጆቹን ለእሱ ትቼ የፈረቃ ሥራ መያዝ አልችልም። እሱም ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም። አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ የሁለት ሰው ገቢ የሚዘጋው እንዲህ ነው። ይህ በየትኛውም የደመወዝ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

ጉዳዩ የእኛ ጓዳ ብቻ ነው የሚል ካለ ደግሞ የካቲት 12 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ የወደቀውን የኮልገን ኤር በረራ 3407 ያስታውስ። 50 ሰው ሞተ። ረዳት አብራሪዋ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። የምትኖረው ሲያትል አካባቢ ከወላጆቿ ጋር፣ የሥራ መነሻዋ ግን ኒውዋርክ ነበር። ለዚያ በረራ የደረሰችው ሌሊቱን በሌሎች አውሮፕላኖች ተሳፍራ አገር አቋርጣ ነው። በምርመራው ወቅት ደመወዟ 16 ሺህ ዶላር ገደማ ነው ተባለ። ኩባንያው በኋላ ወደ 24 ሺህ ይጠጋል ብሎ አስተካከለ። አደጋውን ደመወዝ አመጣው እያልኩ አይደለም። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ሊወድቅ መሆኑን ላመለከተው ማስጠንቀቂያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው ብለዋል። ግን በሥራ ቦታው አካባቢ ቤት መከራየት የማይችል ሰው የት ነው የሚተኛው? ይህ ጥያቄ የተሳፋሪም ጥያቄ ነው።

አውሮፕላኑን ሀድሰን ወንዝ ላይ ያሳረፈው ካፒቴን ሰለንበርገር በዚያው ወር የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ነበር። ደመወዙ 40 በመቶ መቀነሱንና ጡረታውን ማጣቱን ተናገረ። ልጆቹ የራሱን ፈለግ እንዲከተሉ የሚፈልግ አንድም የአየር መንገድ አብራሪ እንደማያውቅም ጨመረ። 155 ሰው ያተረፈ ሰው ነው ይህን ያለው። የእናንተ ዘገባ ግን በአንጋፋ ካፒቴን ደመወዝ ጀምሮ በአንጋፋ ካፒቴን ደመወዝ ያበቃል። እዚያ ለመድረስ ጤና ያስፈልጋል። አብራሪ የሕክምና ፈቃዱን በየጊዜው ያሳድሳል፤ አንድ ምርመራ ካልቀናው ሥራው ይቆማል። ብድሩ ግን አይቆምም።

ባለቤቴ ሥራውን እንዲተው አልፈልግም። ዛሬም ምርጫው ቢመጣ አብሬው እወስናለሁ። የምንወስነው ግን በእውነተኛው ቁጥር ነው። የሚያስፈልገው ዋስትና ያለው የወር ሰዓት ነው፣ ከዚያ ላይ የሚቀነሰው ብድር ነው፣ የሥራ መነሻው ከቤት ያለው ርቀት ነው፣ የሁለተኛው ሰው ገቢ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል የሚለው ነው። አራቱም በዘገባችሁ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ ስሌቱን አርሙ። እርማቱም ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። ቤተሰቦችን የሚያነጋግር ሁለተኛ ዘገባ ከሠራችሁ እኔ ለመናገር ዝግጁ ነኝ። እርማቱ ግን ያንን አይጠብቅ። በዚህ ሳምንት የሥልጠና ብድር ሊፈርም የተዘጋጀ ወጣት ያንን 160 ሰዓት ለሚስቱ ሊያሳያት ይችላል።

ከሰላምታ ጋር፣
የረዳት አብራሪ ባለቤት