ከሱሉልታ፣ ጀርመንኛ እየተማርኩ

ውድ እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ማን ማንን ጠፋበት የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ከተጀመረ በረካ ሳይደርስ አያልቅም። ያልደወልኩልሽ ደግሞ ሳቅሽ አላስወራ ስለሚለኝ ነው። ጉድ ስሚ፤ ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። ለሥራ እንዳይመስልሽ፤ ለበረዶ ሸርተቴ ነው።

ሽቱትጋርት ያለውን ወንድሜን ታውቂው የለ? በየዓመቱ በነሱ ብርድ ወራት ልጆቹን ይዞ ኦስትሪያ ስኪ ይሄዳል። ዘንድሮ «የካቲት ላይ አንቺም ነይ» አለኝ። ቪዛው ገና ነው። እማዬ ግን ከወዲሁ «ለመውደቅ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» እያለች ነው። ሮቤል ተክለማርያም እኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል ብላት፣ «እሱ ሌላ፣ አንቺ ሌላ» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ብርዱን እንኳ አልፈራሁም። ሱሉልታን ታውቂያታለሽ፤ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነው የሚያድረው። የምንሄድበት መንደር ዛንክት አንቶን ይባላል፤ 1,304 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እኛ እዚህ ከ2,500 በላይ ሆነን ለምድር ወገብ ስለቀረብን በረዶው እነሱ ጋ ቀረ። ጃኬት ከሰልባጅ አገኘሁ። ዚፑ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች የደበዘዘች ወረቀት ነበረች፤ «ታገስካርተ» ትላለች፣ የቀን ትኬት ማለት ነው። ያለ ማንም እርዳታ ያነበብኳት የመጀመሪያ ጀርመንኛ እሷ ሆነች።

ወንድሜ አንድ ትንሽ የመንገደኛ መጽሐፍ ልኮልኛል። መጀመሪያ ላይ ያለው «ዕይታው ድንቅ ነው»፣ «አንድ ብርጭቆ ወይን ይጨምሩልኝ» ነው። ዘለልኩት። ድንቅ ከሆነማ ፊቴ ይናገር የለ? ችግሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ መጠየቅ ያስተምርሻል፣ መልሱ ሲመጣ ግን የለም። አሳምረሽ ስትጠይቂ ደግሞ ሰውየው የምትችይ መስሎት ያዥጎደጉደዋል። ስለዚህ እኔ የመረጥኩት መልሳቸው አዎ ወይ አይደለም የሆነ፣ በጣት የሚጠቆም ወይም ቁጥር የሆነ ጥያቄ ብቻ ነው።

ለምሳሌ «ኢስት ዲ ፒስተ ብላው?» መውረጃው ሰማያዊ ነው ወይ ማለት ነው። እዚያ ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው። መልሱ «ያ» ወይ «ናይን»፣ አለቀ። ከአዲሱ ገበያ በታክሲ እንጦጦን ስንወጣ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ይህንኑ አነበንባለሁ። አንድ ቀን ጎኔ የተቀመጡ እናት ጸሎት መስሏቸው «አሜን» አሉ።

ጫማው ሌላ ጣጣ ነው። ደረቅ ፕላስቲክ፣ እስከ ቅልጥም የሚደርስ፣ በማያያዣ ጥርቅም የሚል። የሚከራየው እዚያው ነው፤ ያለልክሽ ከወሰድሽ ቀኑን ሙሉ ስትሰቃዪ ትውያለሽ ብሎኛል ወንድሜ። ስለዚህ ሥፍራውን በጣቴ ነክቼ «ዴር ሹ ድሩክት ሂር» ልል ነው፤ ጫማው እዚህ ጋ ይጫነኛል። «ድሩክት» ላይ ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ «ኢ» ማለት ነው አሉ። መስታወት ፊት ስሞክረው እማዬ ጥርሴን ያመመኝ መሰላት።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሰዓቱ ነው። የመጨረሻዋ ጎንደል፣ ማለት ያቺ በገመድ የምትወርደው፣ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኩ እንበል፤ «ቫን ፌርት ዲ ሌትስተ ጎንደል?» ሰውየው «ሃልፕ ፊር» ካለኝ፣ ፊር አራት ነው፣ ሃልፕ ግማሽ፤ አራት ተኩል ብዬ ቡናዬን ልጠጣ እችላለሁ። እነሱ ግን ሦስት ተኩል ማለታቸው ነው፤ ወደ አራት የሚሄደው ግማሽ። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ዘጠኝ ተኩል። ሁለት ጊዜ መገልበጥ አለብኝ፣ ያውም በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ! ቁጥራቸውም እንዲሁ ከኋላ ነው የሚነሳው፤ አርባ አምስትን «አምስትና አርባ» ይላሉ። አንድ ሰዓት ተሳስቼ ጎንደሏ ብታመልጠኝ ተራራው ላይ ቀረሁ ማለት ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይኖራል፣ «ጻፍልኝ» እለዋለሁ። ሲጻፍ 15:30 ነው፤ ስድስት ቀንሼ ዘጠኝ ተኩል።

የቀረው ጥቂት ነው። «ላንግዛም፣ ቢተ»፣ ቀስ በሉ እባካችሁ። «ማይን ክኒ ቱት ቬ»፣ ጉልበቴን አመመኝ። «ጌሽፔርት» የሚል ጽሑፍ ካለ ዝግ ነው፤ ገመዱን አልሻገርም። «ላቪነ» የበረዶ ናዳ ነው፣ አደጋውን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጡታል። የተራራ ነፍስ አድን ስልክ ኦስትሪያ ውስጥ 140፣ በመላ አውሮፓ ደግሞ 112። ይቅርታ መጠየቂያውን ብዙ አላጠናሁትም፤ በስኪ ሕግ ከኋላ የሚመጣው ነው ከፊት ላለው የሚጠነቀቀው። ከኋላዬ የማይመጣ ሰው ደግሞ አይኖርም!

እንግዲህ ጉዳዬ ይኼ ነው። አንቺ ጣና ላይ ስንት ጀርመንና ኦስትሪያዊ አስጎብኝተሻል። የእንግዳው ሥራ እንደቀዘቀዘ ሰምቻለሁ፣ እግዜር ያሻሽለው። ወንድሜ በምንሄድበት በቲሮል ክልል የሚነገረው የመጽሐፉ ጀርመንኛ አይደለም ብሎ አስፈራርቶኛል፤ ሰላምታው እንኳ «ግሩስ ጎት» ነው አለኝ። በድምፅ ሰዓት ሰዓቱን ላኪልኝ፤ ሃልፕ ድራይ፣ ሃልፕ ፊር፣ ሃልፕ ፉንፍ እያልሽ፣ አቀላቅለሽ። በአስተማሪ ፍጥነት ሳይሆን እንግዶችሽ ጀልባ ሲረፍድባቸው በሚናገሩት ፍጥነት ይሁን። እኔ በእኛ ሰዓት ተርጉሜ እመልስልሻለሁ፣ አንቺ ታርሚኛለሽ።

ቪዛውን ከከለከሉኝ መንገዱ ሰላም ሲሆን የቲኬቱን ገንዘብ ይዤ ባሕር ዳር እመጣለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው