ያረፉ ወፎችን በማስበርገግ ስለተካሄደ ጉብኝት የቀረበ ቅሬታ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የቅዳሜውን የባሕር ዳርቻና የረግረግ ወፎች ጉብኝት ይመለከታል

ባለፈው ቅዳሜ ባዘጋጃችሁት የአንድ ቀን ጉብኝት ከተሳተፉት 11 ሰዎች አንዱ ነኝ። መኪናው መዘግየቱ አናዶኛል፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን እሱ ሳይሆን አስጎብኚያችሁ ያረፉ ወፎችን ሆን ብሎ ማስበርገጉ ነው።

በፕሮግራሙ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዳርቻው መድረስ ነበረብን። የዚያን ቀን ባሕሩ የሚሞላው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር ሰዓቱ ጥሩ ተመርጧል። ውሃው እየሞላ ሲመጣ በጭቃው ላይ ተበትነው ሲለቅሙ የቆዩትን ወፎች ወደ ዳር ይገፋቸዋል፤ ለተመልካች ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። መኪናው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ዘገየ። በዚህ ምክንያት ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ 3 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ረግረጉ ጋ ደረስን።

እዚያ ያየሁት የመኪናውን ነገር አስረስቶኝ ነበር። ባሕሩ ጭቃውን ስለሸፈነባቸው ዳንሊን የሚባሉ ብዙ መቶ ትናንሽ የዳርቻ ወፎች በአንዲት ጠባብ ደለል ላይ ተጠጋግተው አርፈዋል። አብዛኞቹ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ መንቁራቸውን ጀርባቸው ላይ ባለው ላባ ውስጥ ቀብረው፣ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረዋል። በቴሌስኮፕ ስመለከት አንዷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ጨፈነች። ለዚህች ቅጽበት ስል ነበር በዚያ ብርድ ሌሊት የተነሣሁት።

ከመካከላችን አንዱ ወፎቹ ሲበሩ ፎቶ ማንሣት እንደሚፈልግ ሲናገር፣ አስጎብኚው አጥሩን ተሻግሮ እያጨበጨበ ወደ ደለሉ ሄደ። መንጋው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ዞሮ ዞሮ ለማረፍ ዝቅ ሲል አስጎብኚው ደግሞ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው የመለሰልኝ «ወፍ መብረሩ ያለ ነው» ብሎ ነው።

ይህ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ እለምናለሁ። ዳንሊን ክብደቷ 50 ግራም ገደማ ነው። በክረምት ቀኑ አጭር፣ ብርዱ ጽኑ ነው፤ ምግቧ የሚገኘውም ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ነው። ውሃው ሞልቶ የምታርፍባቸው ሰዓታት ጉልበቷን የምትቆጥብባቸው ናቸው፤ ያለ ምክንያት የተነሣች ቁጥር ያጠራቀመችውን ስብ ታቃጥላለች። የዚህች ወፍ ዘመድ የሆነ አንድ ጎድዊት በ2022 እ.ኤ.አ. ከአላስካ ታዝማኒያ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ሳያርፍ መብረሩ በሳተላይት መከታተያ ተመዝግቧል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ስንቃቸው በሰላም ለቅመው ያከማቹት ስብ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ዳርቻው ጋ የደረስነው 7 ሰዓት ላይ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ወፎቹ በሩቁ ጭቃ ላይ ነጠብጣብ መስለው ይታያሉ። በቅርብ ያየሁት በባሕር አረም መካከል ጠጠር እየገለበጠ የሚለቅም ተርንስቶን የሚባል አንድ ወፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም አስጎብኚው ሳያሳየን አለፈ። ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል፤ ሰንጠረዡም አስቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ መኪናው ሲዘገይ ምን እንደሚያመልጠን ታውቁ ነበር፤ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን እናዛውር ወይ ብላችሁ ልትጠይቁን ይገባ ነበር።

ከከፈልኩት ግማሹ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን የምፈልገው አስጎብኚዎቻችሁ ያረፈ መንጋ እንዳያስነሡ፣ አጥር እንዳይሻገሩና ወፎቹ አንገታቸውን ቀና ማድረግ ሲጀምሩ ሰዎችን ወደ ኋላ እንዲመልሱ በጽሑፍ እንድታዝዟቸው ነው። ትእዛዙን ለተሳታፊዎችም ከመነሻው በፊት አንብቡላቸው፤ ፎቶ የጠየቀው ሰው ጉዳቱን ቢያውቅ ኖሮ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

የጽሑፍ መልሳችሁን በ15 ቀናት ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቅዳሜው ጉብኝት ተሳታፊ