ክራከርን «ብስኩት» ስላደረገው ሰብታይትላችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ ደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ከ፦ ማንችስተር ከሚኖር ደንበኛችሁ
ጉዳዩ፦ የአማርኛ ሰብታይትሉ እንዲስተካከልና የሦስት ወር ክፍያዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የአማርኛ ሰብታይትላችሁ (ከምስሉ ግርጌ የሚወጣው ትርጉም) «ክራከር» የተባለውን ድራማ «ብስኩት» ስላለው ሦስት ጊዜ በቻት ጽፌላችኋለሁ። ሦስቴም የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ መተግበሪያውን አጥፍቼ እንድከፍተው። አጠፋሁት፣ ከፈትኩት። ብስኩቱ አሁንም ብስኩት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፍላችሁ ብያለሁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጋዜጣ እያነበበች ያረጀች፣ ዛሬም ፊደል ተገድፎ ስታይ የምትቆጣ ሴት ናት። እንግሊዝኛ ግን አይሆንላትም። ማታ እኔ ቴሌቪዥን ስከፍት እሷ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ ስልኳ ላይ መዝሙር ትሰማለች። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሁለት ቤት ነን። እናንተ «በአማርኛ ሰብታይትል» ብላችሁ ስታስተዋውቁ ዘልዬ የተመዘገብኩት ለዚህ ነው። በወር 8 ፓውንድ አልበዛብኝም።

መጀመሪያ የከፈትኩላት «ክራከር»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አይ ቲቪ በተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ የጀመረ፣ ታሪኩም እዚሁ እኛ ከተማ ማንችስተር ውስጥ የሆነ የወንጀል ድራማ ነው። ዶክተር ኤድዋርድ ፊትዝጀራልድ፣ በአጭሩ ፊትዝ፣ የወንጀል ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ቁማር ይጫወታል፣ ሚስቱን ያበሳጫል። ጠመንጃ የለውም። ሮጦ ሌባ አይዝም፤ በዚያ ሰውነቱ ደረጃ መውጣትም ይከብደዋል። ያለው አፉ ብቻ ነው። ተጠርጣሪው ፊት ይቀመጥና ያወራል። አውርቶ አውርቶ ሰውየው የደበቀውን ራሱ እንዲያወጣው ያደርጋል። ሮቢ ኮልትሬን ይህን ሰው ሆኖ በመተወን ሦስት ዓመት በተከታታይ የባፍታን (የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ) ምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወስዷል።

ይህን የምነግራችሁ ድራማውን ስለማታውቁት አይደለም። የምትሸጡት እናንተ ናችሁ። ግን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንግግር ነው። መኪና ለመኪና የሚሳደድበት ፊልም ቢሆን ኖሮ ሰብታይትሉ ቢበላሽም እማዬ አይታ ትረዳው ነበር፤ እኔም ዝም እል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ርዕሱ መጣ፤ «ብስኩት»። እማዬ መነጽሯን አስተካክላ «ስለ ምግብ ነው እንዴ?» አለች። አይደለም፣ ክራከር በእንግሊዝኛ ብስኩትም ነው፣ እዚህ ጋ ግን የተቆለፈ ሰው የሚፈለቅቅ ማለት ነው ብዬ አስረዳኋት። እሺ ብላ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፊትዝ አብራው የምትሠራዋን መርማሪ ፔንሃሊገንን በስሟ ተጫውቶ «ፓንሃንድል» ይላታል። እናንተ «የመጥበሻ እጀታ» አላችሁት። «ምነው ይህችን የመሰለች ልጅ መጥበሻ ይላታል?» አለች እማዬ፣ ከልቧ ተቆጥታ። የቃል ጨዋታ መተርጎም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ካልቻላችሁ ግን ስሙን እንዳለ ተዉት። ማንም አይከሳችሁም።

እስከዚህ ድረስ ስቀን አልፈነዋል። የማያስቀው የምርመራ ክፍሉ ነው።

እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው ያለው አንድ ቃል ነው። እኛ አንተ አለን፣ አንቺ አለን፣ እርስዎ አለን። የእናንተ ሰብታይትል ሦስቱንም አንድ ሰው ላይ ያወርዳቸዋል። ፊትዝ አንዱን ወንድ ተጠርጣሪ «የት ነበሩ?» ይለዋል። ወዲያው «ለምን ዋሸሽ?» ይለዋል። ከዚያ «ንገረኝ» ይላል። እማዬ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው የተመረመረ መስሏት ሌሎቹን ስትፈልግ ነበር። አንድ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥበት ኖሮ እኮ ይህ ነገር ጸጋ ነበር! ፊትዝ ሲጀምር በ«እርስዎ» ይጀምር። ሲጋራውን ይለኩስ፣ ስለራሱ ገመና ያውራ፣ ሰውየውን ያለማምደው። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ሲጠጋው «አንተ» ይበለው። አማርኛ ተናጋሪ ያቺ «አንተ» ስትመጣ ወንበሩ ላይ ቀና ይል ነበር። እንግሊዞቹ ራሳቸው የሌላቸውን መሣሪያ ይዛችሁ ነው የጣላችሁት።

ሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አልቢ የሚባል ሰው አለ። ሮበርት ካርላይል ነው የሚጫወተው። ሱቅ ገብቶ 4 ፔንስ (የፓውንድ ሳንቲም) ይጎድለዋል። ባለሱቁ አይምረውም። አልቢ ተመልሶ መጥቶ ይገድለዋል። እናንተ «4 ፓውንድ» ብላችኋል። እማዬ «ታዲያ ባለሱቁ ምን ያድርግ? 4 ፓውንድ እኮ ገንዘብ ነው» አለች። በ4 ፓውንድ እና በ4 ፔንስ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ታሪክ ታሪክ ያደረገው ነገር ነው። ለሳንቲም ብሎ ሰው ገደለ፤ ንዴቱ ከየት መጣ? ጥያቄው ይሄ ነበር። ጥያቄውን ሰረዛችሁት።

የአልቢ ንዴት የመጣው ደግሞ ከሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ ነው። እግር ኳስ ለሚወድ አበሻ ይህን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1989 ሼፊልድ ላይ ሊቨርፑል ከኖቲንግሃም ፎረስት ሲጫወት 96 ደጋፊ አለቀ፤ በ2021 ቁጥሩ 97 ሆኗል። ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ ጥፋቱን በደጋፊዎቹ ላይ አላኮ ውሸት ጻፈ። ሊቨርፑል ውስጥ እስከ ዛሬ የማይገዛው ሰው ብዙ ነው። አልቢም ጋዜጣውን አምርሮ ይጠላል። እናንተ የጋዜጣውን ስም «ፀሐይ» ብላችሁ ተርጉማችሁት ሰውየው ከሰማይ ጋር የተጣላ መስሏል። እማዬ በመስኮቱ ዝናቡን አየችና «እዚህ አገር መቼ ወጥታ ነው የሚጣላት?» አለች።

ይህን ታሪክ በተመለከተ ሌላም አለ። ሦስት ክፍል ያለው ነው። መተግበሪያችሁ ላይ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ተቀምጧል። ዋና መርማሪው ቢልበራ የሚሞተው ሁለተኛው ላይ ነው። ስለዚህ እኛ መጀመሪያ ሐዘኑን አየን፣ ቀጥሎ ሰውየው በሕይወት ወደ ሥራ ሲሄድ አየን፣ ከዚያ ሞተ። ቢልበራን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ኤክልስተን ለዚያ አሟሟት የሰጠውን ያህል ነገር ሰጥቶ እናቴ «ቀድሞ ሞቶ የለም እንዴ?» ካለች እንግዲህ ምን እላለሁ።

በነገራችን ላይ ድራማው «ለመላው ቤተሰብ» ተብሎ ነው የተቀመጠው። ውስጡ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዘረኝነት አለ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ልጆች ሲተኙ ነው። ዛሬውኑ አንሱት።

የባሰውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለከበደኝ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጨረሻ ታሪክ ላይ አንድ ልጅ ሞቶ ይገኛል። መምህሩ ይጠረጠራል። ፊትዝ እንደለመደው ያወራዋል፣ መምህሩ መግደሉን ያምናል፣ ፖሊሶቹ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ሰውየው ለፊትዝ ልጁን እንዳልገደለው ይነግረዋል። (ላላየው ሰው አበላሸሁበት፤ ግን እናንተ ቀድማችሁኛል።) ፊትዝ በብልሃቱ የተሸነፈው እዚያ ላይ ነው። በአፉ ያልሆነ ነገር አሳምኖ አስወጣ። እናንተ ግን «አልገደልኩትም» መባል ያለበት ቦታ ላይ «ገደልኩት» ብላችሁ ጽፋችኋል። «አል» እና «ም» ጠፉ፤ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ቀረ።

እማዬ «ተመስገን፣ ተያዘ» ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች። እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ ጠዋት ቡና ስታፈላ ነገርኳት። ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደረች ነበር፤ እጇ ቆመ። «እንግዲያው የገደለው የት አለ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ማታ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ነበር መጠየቅ የነበረባት። ደራሲው ጂሚ ማክገቨርን የሠራው ለዚያች ደቂቃ ነው። እኔም የከፈልኩት ለዚያች ደቂቃ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሦስት ወር ክፍያዬን 24 ፓውንድ መልሱልኝ። የክፍሎቹን ቅደም ተከተል አስተካክሉ። ትርጉሙን ማሽን ሠርቶት ከሆነ ከመክፈላችን በፊት በግልጽ ጻፉልን፤ ከዚያ ለሚችል ሰው ሰጥታችሁ አስተርጉሙት። የሚችል ሰው ሞልቷል፤ ለንደን ውስጥ ብቻ ስንት አስተርጓሚ አለ። መልሳችሁን በ14 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። መተግበሪያውን አጥፍቼ እንድከፍተው ግን እባካችሁ አትንገሩኝ።

እስከዚያው ሰብታይትሉን አጥፍቼ እማዬ አጠገብ ተቀምጬ በቃሌ እየተረጎምኩላት ነው። ሁለተኛውን ምዕራፍ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረነዋል። 8 ፓውንዱን ለእኔ መክፈል እንደሚገባት ነግራኛለች።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ማንችስተር