ለአባላት፦ ኦፕን ዴይላይትን ከቅዳሜ በፊት ስለ ማዘጋጀት

ጤና ይስጥልን፣ የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲናና የሸዋ ሮቢት አባሎቻችን፤

ኦፕን ዴይላይት (ኔትወርክን በሶፍትዌር የሚቆጣጠር ፕሮግራም) የሚሠራው በካራፍ (የጃቫ ክፍሎችን አስነሥቶ በሚያስኬድ መድረክ) ላይ ነው። ካራፍ ላይ የሚያስፈልገውን ፊቸር (የተግባር ጥቅል) ብቻ ጫኑ። አንዱ ፊቸር ብዙ ባንድሎችን (የጃቫ ክፍሎችን) አስከትሎ ስለሚገባ፣ «ይኑር፣ ምን ይጎዳል» ማለት ሜሞሪ ከመብላቱም በላይ የማይስማሙትን ያገናኛል። ለልምምዳችን ሬስትኮንፍ (ኦፕን ዴይላይትን በድር ጥያቄ ማዘዣ) እና የኦፕንፍሎው (ስዊቾችን ማዘዣ ፕሮቶኮል) ፕለጊን ይበቃሉ።

የተጫነውን ለማውጣት «ፊቸር አንኢንስቶል» አትበሉ፤ የፕሮጀክቱ ሰነድም አይደግፈውም። ካራፍን አጥፉ፣ «ዳታ» ፎልደርን ሰርዙ፣ እንደገና አስነሡና የምትፈልጉትን ብቻ ጫኑ። ሎጉም እዚያው ውስጥ ስለሆነ ስህተት እየፈለጋችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ኮፒ አድርጉት።

ኮድ የምትጽፉ ደግሞ በፖም ፋይል (ኮዱን የሚገነባው መሣሪያ፣ ሜቨን፣ በሚያነበው ማዋቀሪያ) ላይ የላይብረሪ ቨርዥን በእጅ አትጻፉ፤ ከኦዲኤል ፓረንት (ከኦፕን ዴይላይት የጋራ ፖም) ይውረስ። ለምሳሌ በእጅ የተጻፈ የጉዋቫ (የጃቫ ላይብረሪ) ቨርዥን ኮምፓይል ሲደረግ ዝም ይልና ካራፍ ባንድሉን ሊያስነሣ ሲል ይወድቃል። ይህን ቀድሞ የሚይዘው ሲንግል ፊቸር ቴስት (ፊቸሩ ካራፍ ላይ መነሣቱን የሚፈትሽ) ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ለመቸኮል ብላችሁ አትዝለሉት።

ኔት በመሃል ሲቋረጥ ሜቨን ሊያወርደው የነበረውን ላይብረሪ «አላገኘሁም» ብሎ መዝግቦ ይይዛል፤ መስመሩ ከተመለሰ በኋላም ቶሎ አይሞክርም። እንደገና እንዲሞክር በትዕዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን «ዩ» (-U) ጨምሩ። ኔቱ ደካማ የሆነባችሁ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከገነባ አባል የሜቨንን የአካባቢ ማከማቻ በፍላሽ ውሰዱና በኦፍላይን ገንቡ።

በኦፕን ዴይላይት ፈንታ ራዩን (በፓይተን የተጻፈ ሌላ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ) የመረጣችሁ፣ ኢቨንትሌትን (ራዩ የሚጠቀምበትን የፓይተን ላይብረሪ) 0.30.2 ላይ ቆልፉ፤ ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ራዩ ገና ሲነሣ የኢምፖርት ስህተት ይሰጣል።