ለእናቴ፣ ስለ ማታው ኪኒን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ከአንቺ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ስለሌለ በጽሑፍ መጣሁብሽ። እህቴ ታነብልሻለች፤ እባክሽ መሐል ላይ አታቋርጫት።

ኩላሊቴ ከተተከለልሽ ወዲህ የታዘዙልሽ ኪኒኖች ከነጠላሽ ጫፍ ተቋጥረው መገኘታቸውን ነግራኛለች። አትቆጫት፣ ልታጥበው ስትፈታው ነው ያየችው። የመለስሽላትንም ነግራኛለች፦ «ዘጠኝ ወር ሙሉ ልጁን በሆዴ ስሸከም ማን ኪኒን ሰጠኝ? የዚያኑ ልጅ ኩላሊት ሰውነቴ እንዴት ባዕድ ይለዋል?»

እማዬ፣ ጥያቄሽ የዋዛ አይደለም። ሜዳዋር የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ በፈረንጆች 1953 ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ ተመራማሪዎች ዛሬም እየቆፈሩት ነው። ፅንስ ግማሹ የአባቱ ነው። ነፍሱን ይማርና ከአባቴ ቆዳ ተቆርጦ ክንድሽ ላይ ቢሰፋ ሳምንታት ሳይቆይ ጠቁሮ ይወድቅ ነበር። የእርሱን ግማሽ ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ግን ቀኔን ጠብቄ በሰላም ወጣሁ።

ምክንያቱ ያለው በእንግዴ ልጁ ዘንድ ነው፤ እርሱን ደግሞ ስንት ዘመን ስታዋልጂ በእጅሽ አገላብጠሽ አይተሽዋል። ትሪ ላይ ዘርግተሽ ቁራጭ ጎድሎት እንደሆነ በጣትሽ እየዳሰስሽ እንደምትመረምሪ ለጎረቤት ስታወሪ ሰምቼ ነው ያደግኩት። እኔም በሙያዬ ከላም ማኅፀን ሳይወጣ የቀረውን ሳወጣ ነው የኖርኩት። የላም የእንግዴ ልጅ ከማኅፀኑ ጋር እንደ ቁልፍ እዚህም እዚያም ይያያዛል እንጂ ሥር ሰዶ አይገባም። በላሚቱ ደም ውስጥ ያሉት በሽታን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት እንኳ ወደ ጥጃው አያልፉም፤ ለዚህ ነው ጥጃ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠጣ በበሽታ የሚያልቀው። የሰው ግን ማኅፀኑን ሰርስሮ ይገባል፣ የእናትየው ደምም በቀጥታ ያጥበዋል። ነጭ የደም ሕዋሳትሽ ባዕዱን በየደቂቃው ያገኙት ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ያልነኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእንግዴ ልጁ ሽፋን ባዕድነቱ የሚታወቅባቸውን የአባትየውን ዋና ዋና መለያዎች በላዩ አያወጣም። ሁለተኛ፣ በማኅፀን ዙሪያ ሌሎቹን ሕዋሳት የሚገቱ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ይበዛሉ። ሰላሙ ግን ለዚያ ቦታና ለዚያ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ነው።

«የእናት ሰውነት ልጁን አይጠላም» ያልሽውን ደግሞ አንቺው ራስሽ ታፈርሺዋለሽ። ሾተላይን ረሳሽው? የመጀመሪያው ልጅ ደህና ይወለዳል፤ ተከታዮቹ ቢጫ ሆነው ወይም ሞተው ይወጣሉ፤ ሴቲቱም ከደብር ደብር ስትንከራተት ትኖራለች። ምክንያቱ ደም ነው። የእናትየው የደም ዓይነት አር ኤች ኔጌቲቭ ሆኖ ልጁ ከአባቱ ፖዘቲቩን ሲወርስ፣ በወሊድ ጊዜ ደማቸው ይነካካል፤ ሰውነቷ ያንን ባዕድ ደም ይመዘግበዋል፤ በሚቀጥለው እርግዝናም ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል የእንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱን ደም ያፈርሳል። ከፈረንጆች 1968 ወዲህ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይከላከሉታል። ያቺ እናት ልጇን ከማንም እናት አሳንሳ አልወደደችም። ነጭ የደም ሕዋስ ፍቅር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ እማዬ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የአንቺን ደም ከእኔ ደም ጋር ያገናኙበትን ምርመራ ታስታውሻለሽ? «የእናትና የልጅ ደም ምን ይመረመራል» ብለሽ ሐኪሙን ያሳቅሽበት። አምስት ልጅ የወለደች ሴት፣ ልጆቿ ከአባታቸው በወረሱት መለያ ላይ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅታ ሊሆን ይችላል። ተሸክመሽ የወለድሽኝ መሆንሽ ለኩላሊቴ ዋስትና ሊሆነው ቀርቶ የሚያሰጋ ጉዳይ ነበር። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ ነው የተሠራልሽ።

ኩላሊቴ ወደ አንቺ ሲገባ የእንግዴ ልጅ ይዞ አልገባም። በፊቱ የሚቆምለት ሽፋን የለውም፣ የአባቴን መለያ እንዳወጣ ነው የተሰፋልሽ። ማታና ጠዋት የምትውጪው ኪኒን የዚያን የእንግዴ ልጅ ሥራ ነው የሚሠራልሽ።

ያለ ኪኒን የሆነላቸውም ነበሩ። በፈረንጆች 1954 በቦስተን ከተማ ጆሴፍ መሪ የሚባል ሐኪም የሮናልድ ኼሪክን ኩላሊት ለወንድሙ ለሪቻርድ ሲያስተላልፍ የሰውነትን መከላከያ የሚያፈዝ መድኃኒት አላስፈለገም፤ ሪቻርድም ስምንት ዓመት ኖረበት። ግን ፍጹም ተመሳሳይ መንታዎች ነበሩ፤ ሐኪሞቹም አስቀድመው ቆዳ አቀያይረው አረጋግጠዋል። እኔና አንቺ የምንጋራው ግማሹን ነው። ስለ እኔ መጨነቅሽን እንድትተዪም ልጨምርልሽ፦ ሰጪው ሮናልድ በአንድ ኩላሊቱ 56 ዓመት ኖሯል።

ሌላም ያለ ኪኒን የሚቻቻሉ አሉ፤ ይህን ስትሰሚ ትደሰቻለሽ። ወንድና ሴት መንታ የወለደችው ላማችን ትዝ ትልሽ ይሆናል፤ ሴቷ ጥጃ መካን ሆና የቀረችው። እንዲህ ያሉ መንታዎች በማኅፀን ሳሉ የደም ሥራቸው ይገናኛል፤ የወንዱም ሆርሞን ነው ሴቷን የሚያመክናት። ኦወን የሚባል አሜሪካዊ በ1945 እንዳሳየው አንዱ የሌላውን ደም ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ይኖራል። ሜዳዋርና ባልደረቦቹ የእንዲህ ያሉ መንታ ከብቶችን ቆዳ ሲያቀያይሩ ተቀባበሉ። በ1953 ደግሞ ገና ባልተወለዱ አይጦች ውስጥ የሌላ ዘር ሕዋስ አስገብተው፣ ካደጉ በኋላ የዚያን ዘር ቆዳ እንዲቀበሉ አደረጉ። ለዚህም ሜዳዋር በ1960 ኖቤል ተሸለመ። ሰውነት የራሴ ነው የሚለውን በአብዛኛው የሚማረው በማለዳው ነው፤ አንቺና እኔ በዚያ በኩል አምልጦናል።

ያ ትምህርት ሲላላ ምን እንደሚመጣ በታናሽ እህትሽ ጣቶች ላይ አይተሻል። የእርሷ ሪህ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ባረገዘች ቁጥር ጣቷ ይፍታታ፣ እንጀራ ትጋግር ነበር፤ በወለደች በጥቂት ወራት እንደገና ይጨመደዳል። ሰዉ «ዓይን ነው» ይል ነበር። ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ግን ይህንኑ በሴቶች ላይ አስተውሎ፣ በእርጉዝ ሰውነት ውስጥ የሚያለዝብ ነገር አለ ብሎ ሲፈልግ ዓመታት ቆየ። በ1948 ከኬሚስቱ ከኬንዳል ጋር ኮርቲዞን የሚባለውን ሆርሞን ለአንዲት በሪህ ለታሰረች ሴት ሰጡ፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። የእርግዝናው ምስጢር ኮርቲዞን ብቻ አለመሆኑ በኋላ ታውቋል፤ ሉፐስ የሚባለው ዘመዱ በሽታ እንዲያውም በእርግዝና ሊብስ ይችላል። ነገር ግን ከኪኒኖችሽ አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን የዚያ ግኝት ልጅ ነው። ነፍሰ ጡሮችን ልብ ብሎ ካየ ሰው የመጣ መድኃኒት አዋላጅ ስትጥለው አያምርም።

በማኅፀን ዙሪያ ይበዛሉ ያልኩሽን ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ፈልገው ያገኙት ሳካጉቺ፣ ብረንኮውና ራምስዴል በ2025 ኖቤል ተሸልመዋል። እነዚያን ሕዋሳት አሠልጥኖ ለተከላ ታካሚ ለመስጠት እየተሞከረ ነው። ኪኒን አቁመው ኩላሊታቸው የቆየላቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ፤ ጎረቤትሽ የነገረችሽ ውሸት ላይሆን ይችላል። ከእነርሱ አንዱ መሆንሽን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ምርመራ ግን የለም፤ በኩላሊቴ ዕጣ እንድትጥዪበት አልፈቅድም።

አሁን እውነቱን ልናገር? ነገሩ የእርግዝና ክርክር አይመስለኝም። በፋሲካ ስመጣ ጀበናውን ለእህቴ ስታሳልፊ አይቻለሁ። ቡና ከሲኒው ውጭ ሲፈስብሽ እንግዶቹ እንዳያዩ በፈንድሻው ሳህን ሸፈንሽው። ሕፃን ሲወጣ የያዘ እጅ ሲንቀጠቀጥ ማየት ከባድ ነው። ታክሮሊመስ የሚባለው ኪኒን እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ፊትሽን ያሳበጠው ደግሞ ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ሁለቱም ለሐኪሙ የሚነገሩ ነገሮች ናቸው። በደምሽ ውስጥ ያለው ታክሮሊመስ ተለክቶ ከበዛ መጠኑ ይቀነሳል። አንቺ ግን እየዘለልሽ ከዋጥሽ ልኩ ዝቅ ብሎ ይታይና ሐኪሙ ሳያውቅ ሊጨምርብሽ ይችላል፤ እጅሽም ይብሱን ይንቀጠቀጣል።

«ምንም አላመመኝም» የምትይውንም አልቀበልም። ሰውነት ኩላሊት መጣል ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ መጀመሪያ የሚናገረው ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው፣ በላቦራቶሪ የሚለካው ክሬአቲኒን ነው። ወደ እጥበት ማሽን መመለስን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ አልነግርሽም።

ስለዚህ ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ማታ በ1 ሰዓት፣ እህቴ እያየች ትውጫለሽ። ጸበልሽን ጠጪ፣ ማንም አልከለከለሽም። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ግን ማንም ጨምቆ ቢያመጣልሽ አትቅመሺ፤ የኪኒኑን ልክ ሊያዛባው ይችላል። ለቀጠሮው ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ ግቢ፤ ረቡዕ ጠዋት ደምሽ እስኪቀዳ ድረስ የጠዋቱን ኪኒን አትዋጪ፣ በእጅሽ ያዢው። ስለ እጅሽ አንቺ ካልነገርሻቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።

ለአክስቴ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ፕሬድኒሶሎን ሲያልቅባት ከአንቺ ብልቃጥ እንደምትበደርም ሰምቻለሁ፤ ይህንንም እህቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብላት።

ልጅሽ