ዕድሜውን ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ከጓደኞቼ ጋር የተከራከርነው «ቲንኤጀር» ስለሚለው ቃል ነው። ጋዜጣውም ሬዲዮውም አዘውትሮታል፤ እናንተም ጭምር።

በእንግሊዝኛው ነገሩ ግልጽ ነው። ከ13 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች ሲጠሩ ሁሉም መጨረሻቸው «ቲን» ስለሆነ፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ሁሉ ቲንኤጀር ነው። 12ም 20ም የለበትም። እኛ ጋ የ23 ዓመቱን የባጃጅ ሹፌርም ሲሉት እሰማለሁ። እሱስ ይሁን፣ ማንንም አይጎዳም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «ቲንኤጀሯ ሙሽራ» ብላችሁ ስትጽፉ ልጅቷ 14 ትሁን 19 በምን እንወቅ? ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል። 19 ከሆነች እሰየው፣ እልል እንበል። 14 ከሆነች ግን ዜናው ሠርግ አይደለም፣ ወንጀል ነው፤ እናንተም ሳታስቡት ሸፍናችሁ አሳለፋችሁት ማለት ነው።

ሥራም ላይ ያው ነው። ጠዋት ከፊራ ገበያ ብትመጡ ሽንኩርት በጋሪ የሚገፋ ልጅ አታጡም። የጋሪው እጀታ ደረቱ ላይ ይደርሳል፣ መንገዱ ከፍ ሲልበት ዞሮ በጀርባው ነው የሚገፋው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ታታሪ ወጣት» ብሎ ማመስገን ልቤን ያደማዋል። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ እንኳ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ከ15 በታች ያለን መቅጠር ከልክሏል፤ 15 ሞልቶት 18 ላልሞላው ሥራው በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ልጁን ወጣት ካላችሁት፣ አንባቢው ስለዚህ ሁሉ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፣ ፍቅራችን ነው፣ ደስም ይላል። ጋዜጣ ላይ ግን ዕድሜ መለየት አለበት። ታዳጊ አለን፣ ጎረምሳ አለን፣ ኮረዳ አለን። ስለ ሙዚቃና ስለ ፋሽን ስትጽፉ ቲንኤጀር በሉ፣ ቅር አይለኝም። ጋብቻ፣ ሥራና ወንጀል ላይ ሲሆን ግን ቁጥሩን አስቀምጡልን፤ ካልተረጋገጠም «ዕድሜዋ አልተረጋገጠም» ብላችሁ ጻፉት።

አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ